ቼኩ የሚከተለው መሬቱን ነው

አሜሪካ ውስጥ መንግሥት ለአንድ የገጠር ካውንቲ (እንደኛ ወረዳ ያለ የስቴት ክፍል ነው) ገበሬዎች ስንት ዶላር እንደከፈለ ማወቅ ቀላል ነው። «ኢንቫይሮንመንታል ወርኪንግ ግሩፕ» የሚባል ድርጅት ከግብርና ሚኒስቴሩ የሚያገኘውን የክፍያ መዝገብ ለዓመታት ኢንተርኔት ላይ ሲያወጣ ቆይቷል። ስቴቱን ትመርጣላችሁ፣ ካውንቲውን ትመርጣላችሁ፣ ዝርዝሩ ይመጣል። ብዙ የተቀበለው ከላይ፣ ጥቂት የተቀበለው ከታች።

ሰው እንዲህ ያለ ዝርዝር ሲያይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ማን ስንት ወሰደ?» ብሎ ነው። የማንም ሰው ጥያቄ ነው። እኔን ግን ሌላ ነገር ይከነክነኛል። ከላይ ያለው ሰው እዚያ የተቀመጠው በምን ሕግ ነው? ዝርዝሩ ላይ ጨርሶ የሌሉትስ የት ሄዱ?

ይህን ለማየት አንድ ካውንቲ ይዘን እንሂድ። ሚሲሲፒ ውስጥ ያለውን ሰንፍላወር ካውንቲ። (ዓመታቱን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የጻፍኩት።)

ሰንፍላወር ያለው የሚሲሲፒ ዴልታ በሚባለው ለጥ ያለ ሜዳ ላይ ነው። ዋና ከተማው ኢንዲያኖላ ይባላል። በ2020 ቆጠራ ወደ 26 ሺህ ሰው ነበረው። ከአሥሩ ሰባቱ ገደማ ጥቁር አሜሪካውያን ናቸው። አኩሪ አተር፣ በቆሎ፣ ጥጥና ሩዝ ይበቅልበታል። አፈሩ ከአሜሪካ ምርጥ አፈሮች አንዱ ነው። ሕዝቡ ግን ከአገሪቱ ድሃ ሕዝቦች መካከል ነው። ይህ ተቃርኖ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። የመንግሥት ገንዘብ እጅ አለበት።

ነገሩ የሚጀምረው በ1933 ነው። የእህልና የጥጥ ዋጋ ወድቆ ገበሬው እየከሰረ ነበር። የፕሬዚዳንት ሩዝቬልት መንግሥት መላ ፈለገ። ምርት ከቀነሰ ዋጋ ይወጣል፣ ስለዚህ ለሚቀንስ ገበሬ ገንዘብ ይከፈል ተባለ። በዚያ ዓመት 10 ሚሊዮን ኤከር ገደማ የበቀለ ጥጥ ተገልብጦ ታረሰ። (አንድ ኤከር 0.4 ሄክታር ነው።) ሰው በተራበበት ጊዜ ወደ 6 ሚሊዮን አሳማ ታርዶ ከገበያ ወጣ።

ለዋጋው ጠቅሟል። ችግሩ ቼኩ የሚሄድበት እጅ ነበር። ዴልታ ውስጥ መሬቱን የሚያርሰው አብዛኛው ሰው ጭሰኛ ነበር። ለእኛ ይህ ቃል ማብራሪያ አያስፈልገውም። መሬቱ የጌታው፣ ጉልበቱ የጭሰኛው፣ ምርቱ የጋራ። መንግሥት ቼኩን የጻፈው ለባለመሬቱ ነበር። ባለመሬቱ ለጭሰኛው ድርሻውን እንዲያካፍል ይጠበቅ ነበር። ብዙ ቦታ አላካፈለም። ይባስ ብሎ የሚታረሰው መሬት ሲቀንስ የሚያርሰውም ሰው አላስፈለገም። ባለመሬቱ በዚያው ገንዘብ ትራክተር ገዛ፣ ጭሰኛውን አባረረ።

በ1934 አርካንሳ ውስጥ ታይሮንዛ በምትባል ትንሽ ከተማ ነጭና ጥቁር ጭሰኞች አንድ ላይ ሆነው ማኅበር መሠረቱ። ዋሽንግተን ውስጥም የፕሮግራሙ ጠበቆች ጭሰኛው ከመሬቱ እንዳይነሳ ውሉን ለማጥበቅ ሞከሩ። በየካቲት 1935 ጠበቆቹ ተባረሩ። የአሜሪካ የእርሻ ድጎማ ማንን እንደሚከተል ያኔ ተወሰነ ብዬ አምናለሁ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ1936 ሕጉን ቢሽረውም በ1938 ሌላ ሕግ ወጣ። የቼኩ አቅጣጫ ግን አልተለወጠም።

በነገራችን ላይ ይህ ታሪክ እኛም ቤት ገብቷል። በኋላ ድጎማው ዋጋውን እየደገፈ ምርትን ሲያበረታታ መንግሥት ብዙ ትርፍ እህል መጋዘን ውስጥ ቀረበት። በ1954 ይህን ትርፍ በእርዳታና በብድር ወደ ውጭ የሚልክ ሕግ ወጣ። በድርቅ ዓመታት ከአሜሪካ ኢትዮጵያ የገባው «የእርዳታ ስንዴ» በብዛት የመጣው በዚያ መንገድ ነው። ያ ስንዴ ሕይወት አድኗል። ግን የካንሳስ ገበሬም ገበያ ነበር። በ2025 የአሜሪካ የውጭ እርዳታ ሲቆረጥ የካንሳስ ማሽላ አምራቾች የጮኹት ለዚህ ነው።

ወደ ሰንፍላወር እንመለስ።

ድጎማውን በየካውንቲው የሚያስተዳድረው ገበሬዎች ራሳቸው የሚመርጡት ኮሚቴ ነው። ሐሳቡ ጥሩ ይመስላል። አካባቢውን የሚያውቅ ሰው ይወስን ነው። በዘር በተከፋፈለ ደቡብ ግን የሚያውቀው ሰው ማለት የሚያባርረው ሰው ማለት ነበር። እያንዳንዱ ገበሬ ስንት ኤከር ጥጥ መዝራት እንደሚፈቀድለት የሚመድበው ይህ ኮሚቴ ነው። ዴልታ ውስጥ አባላቱ ሁሉም ነጮች፣ አብዛኞቹም ትላልቅ ባለመሬቶች ነበሩ።

በሕጉ ጭሰኛም የመምረጥ መብት ነበረው። በ1964 እና በ1965 የተማሪዎቹ የመብት ድርጅት፣ በእንግሊዝኛ ምኅፃሩ «ስኒክ» የሚባለው፣ ጥቁር ገበሬዎች ለእነዚህ ኮሚቴዎች እንዲወዳደሩ በሚሲሲፒና በአላባማ ቀሰቀሰ። የባለመሬቶቹ ምላሽ ብልጠት የተሞላበት ነበር። ራሳቸው ብዙ ጥቁር እጩዎችን አቀረቡ። የጥቁሩ ድምፅ ተበታተነ። ኮሚቴው እንዳለ ቀረ።

በዚያን ዘመን ሁለት የሰንፍላወር ሰዎች ነበሩ። አንዱ ሴናተር ጄምስ ኢስትላንድ ነው። ዶድስቪል አጠገብ ከ5 ሺህ ኤከር በላይ የጥጥ እርሻ ነበረው። በሴኔቱ የፍትሕ ኮሚቴ ሊቀመንበር፣ የግብርና ኮሚቴም አንጋፋ አባል ነበር። የዘር ክፍፍሉን በግልጽ የሚደግፍ ሰው ነው። በ1960ዎቹ መጨረሻ እርሻው ከመንግሥት በዓመት ከ100 ሺህ ዶላር በላይ ይቀበል ነበር። ከዚያ ጥቂት ዓመት ቀደም ብሎ፣ በ1965 ገደማ፣ ዴልታ ውስጥ ጥጥ የሚኮተኩት ሰው ከንጋት እስከ ማታ ሠርቶ የሚያገኘው 3 ዶላር ነበር።

ሌላዋ ፋኒ ሉ ሄመር ናት። የጭሰኛ ቤተሰብ 20ኛ ልጅ። ጥጥ መልቀም የጀመረችው በ6 ዓመቷ ነው። በነሐሴ 1962 ለምርጫ ለመመዝገብ ኢንዲያኖላ ሄደች። በዚያው ቀን ለ18 ዓመት ከሠራችበት እርሻ ተባረረች። ቼኩ ሁልጊዜ ወደነኢስትላንድ እንደሚሄድ ታውቃለች። ስለዚህ በ1969 «ፍሪደም ፋርም» የሚባል የኅብረት ሥራ ማኅበር መሠረተች። በ40 ኤከር ጀምሮ ወደ 680 ኤከር ገደማ አደገ። አትክልት አመረቱ። እርጉዝ አሳማ ለችግረኛ ቤተሰብ ይሰጡና ከግልገሎቹ መልሰው እየወሰዱ ለሌላው ያዳርሱ ነበር። ጎርፍና ድርቅ መጣ፣ ዕዳና ግብር ተደራረበ። በ1970ዎቹ አጋማሽ መሬቱ ከእጃቸው ወጣ። ይህን ባሰብኩ ቁጥር ያንገበግበኛል። በአንድ ካውንቲ፣ በአንድ አፈር ላይ አንዱ እርሻ የመንግሥት ትራስ ነበረው፤ ሌላው ባዶ መሬት ላይ ተኛ።

የነኢስትላንድ ቼክ ግን በዝምታ አልታለፈም። ትልልቆቹ ክፍያዎች በስም ዝርዝር እየወጡ ኮንግረስ ውስጥ ተነበቡ፤ ጋዜጦች አነሷቸው። በ1970 ለመጀመሪያ ጊዜ ጣሪያ ተደረገ። ለአንድ ሰው በአንድ ሰብል 55 ሺህ ዶላር። ባለትልልቅ እርሻዎቹም ወዲያው እርሻቸውን በወረቀት መከፋፈል ጀመሩ። ለሚስት፣ ለልጅ፣ ለወንድም። ጣሪያ ሲመጣ በወረቀት መከፋፈል፣ ሲከፋፈሉ ደግሞ አዲስ ሕግ ማውጣት። ይህ ድብብቆሽ ይኸው 50 ዓመት አልፎታል።

አሁን ስሌቱን እንይ። ስሌቱን ያላየ ሰው ዝርዝሩን አይረዳውም።

ዛሬ ካሉት ዋና ፕሮግራሞች አንዱ የዋጋ ማካካሻ ነው። ኮንግረስ ለየሰብሉ መነሻ ዋጋ ያስቀምጣል። የገበያው ዋጋ ከዚያ በታች ከወረደ ልዩነቱን መንግሥት ይከፍላል። የሚከፍለው ግን ዘንድሮ በተመረተው ልክ አይደለም። እያንዳንዱ እርሻ በመዝገብ የተያዘለት «መሠረታዊ ኤከር» አለው። ከዓመታት በፊት ምን ያህል ምን ሰብል ይዘራ እንደነበር የሚያሳይ ቁጥር ነው። ከዚያ ላይ 85 በመቶው ይወሰዳል፣ በተመዘገበው የምርት መጠን ይባዛል። ስለዚህ የሩዝ መሠረት ያለው መሬት ዘንድሮ አኩሪ አተር ቢዘራበትም የሩዝ ክፍያ ያገኛል።

የሩዝ መነሻ ዋጋ 14 ዶላር ነበር፣ ለ100 ፓውንድ፤ 45 ኪሎ ገደማ ማለት ነው። በሐምሌ 2025 በወጣው ሕግ ወደ 16.90 ዶላር ተሰቀለ። በምሳሌ እንስላው። ገበያው 13 ዶላር ነው እንበል፣ የተመዘገበው ምርት ደግሞ በኤከር 6,000 ፓውንድ፣ ማለትም 60 ባለ 100 ፓውንድ። ጥቃቅን ማስተካከያዎችን እንተዋቸው። 20 መሠረታዊ ኤከር ያለው ገበሬ 3,978 ዶላር ያገኛል። 1,000 ኤከር ያለውስ? 198,900 ዶላር። በድሮው መነሻ ዋጋ ቢሆን ይኸው ሰው 51,000 ነበር የሚያገኘው።

ልብ በሉ። ስሌቱ ውስጥ «ይህ ሰው ተቸግሯል ወይ?» የሚል ጥያቄ የለም። ዘንድሮ ከስሯል ወይስ አትርፏል የሚልም የለም። ያለው ኤከር ብቻ ነው። 50 እጥፍ መሬት ያለው 50 እጥፍ ያገኛል።

ጣሪያውስ? ያው ሕግ ከ125 ሺህ ወደ 155 ሺህ ዶላር ከፍ አደረገው። ለአንድ ሰው ነው። ሚስት የራሷ ጣሪያ ሊኖራት ይችላል። በሽርክና በተያዘ እርሻ ደግሞ በሥራው እሳተፋለሁ የሚል እያንዳንዱ ሸሪክ የየራሱ ጣሪያ አለው። የ2018ቱ ሕግ ከቤተሰብ የሚቆጠሩትን ሲዘረዝር የአጎትና የአክስት ልጅ፣ የወንድምና የእህት ልጅ ድረስ አስገባ። የ2025ቱ ሕግ ደግሞ ለሽርክናው የተሰጠውን ዕድል ኃላፊነታቸው ለተወሰነ የግል ማኅበራትም ሰጠ። በተግባር ጥሩ ጠበቃና ሰፊ ዘመድ ላለው ትልቅ እርሻ ጣሪያው ጣሪያ አይደለም። ኮንግረስ ውስጥ ይህን ለማጥበብ ለዓመታት የታገሉ ሴናተሮች አሉ። የአዮዋው ቻክ ግራስሊ ራሱ ገበሬ ሆኖ ከዋናዎቹ አንዱ ነው። እስካሁን አልተሳካላቸውም።

ክፍያ ከመሬት መዝገብ ጋር ሲታሰር ምን ዓይነት ነገር እንደሚፈጠር ቴክሳስ አሳይታናለች። ከሂዩስተን ደቡብ ምዕራብ ኤል ካምፖ የምትባል ከተማ አለች፣ ዋርተን ካውንቲ ውስጥ። የሩዝ አገር ነው። በ1996 የወጣው ሕግ ባለመሠረት መሬት ሩዝ ቢዘራም ባይዘራም፣ ዋጋ ቢወጣም ቢወርድም በየዓመቱ ቋሚ ክፍያ እንዲያገኝ አደረገ። በሐምሌ 2006 ዋሽንግተን ፖስት ጋዜጣ የምርመራ ዘገባ አወጣ። ከ2000 ጀምሮ ጨርሶ ለማያርሱ ሰዎች 1.3 ቢሊዮን ዶላር ተከፍሏል አለ። ኤል ካምፖ አካባቢ የድሮ የሩዝ ማሳ ተሸንሽኖ ለመኖሪያ ቤት ተሸጦ ነበር። ሰዉ ሰፋ ያለ ግቢ ገዝቶ ቤቱን ሠራ፣ ከጓሮው ሣር ጋር የሩዝ ክፍያም መጣለት። አንዳንዶቹ ገንዘቡን አልጠየቁም፣ ምን እንደሆነም አያውቁም ነበር።

ብዙ የተወራው የግቢው ነገር ነው። እኔን የበለጠ የሚያሳዝነኝ የተከራይ ገበሬው ነው። ክፍያው የሚሄደው መሬቱን ለሚያርሰው ነው። ባለመሬቱ ተከራዩን ካስወጣና ከብት ከለቀቀበት ግን አራሹ እሱ ሆነ፤ ቼኩም የእሱ። ሩዝ እያመረተ የሚኖረው ተከራይ መሬት አጣ። የሚሸጥለት ሩዝ ስለቀነሰ ማድረቂያውና ወፍጮውም ተጎዳ። ገበሬን ለመርዳት የወጣ ገንዘብ ገበሬውን ከማሳው አስወጣው። በ2008 ሕግ 10 መሠረታዊ ኤከርና ከዚያ በታች ላለው እርሻ ክፍያ ቀረ፣ ቋሚው ክፍያ ራሱ በ2014 ተሰረዘ። ክፍያን ከመሠረታዊ ኤከር ጋር ማሰሩ ግን ቀጠለ።

ስለ ኪራይ ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። የአሜሪካ የእርሻ መሬት 40 በመቶ ያህሉ በኪራይ የሚታረስ ነው። አብዛኛው አከራይ ራሱ አያርስም። ከድጎማው ስንቱ በኪራይ ጭማሪ ወደ ባለመሬቱ እንደሚሄድ ኢኮኖሚስቶች ሲከራከሩ ኖረዋል። በ2009 የወጣ አንድ የታወቀ ጥናት ከአንድ ዶላር ወደ 25 ሳንቲም ገደማ ለባለመሬቱ እንደሚደርስ አገኘ። ከተፈራው ያነሰ ነው። ቢሆንም ቀላል አይደለም። በኪራይ መሬት ላይ ግብር ከፋዩ ለገበሬ ብሎ ከሰጠው ሩቡ ብዙ ጊዜ ራሱ ለማያርስ ባለመሬት ይደርሳል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ስል ገበሬው ምንም አይገባውም እያልኩ እንዳይመስላችሁ። የዴልታ ገበሬ በጸደይ ከባንክ ተበድሮ ዘር፣ ማዳበሪያና ነዳጅ ይገዛል። ዋጋውን የሚወስነው የቺካጎ ገበያ ነው። በ2018 ቻይና አኩሪ አተር ላይ ቀረጥ ስትጥል የሰንፍላወር ገበሬ ያጠፋው ነገር አልነበረም። ዋሽንግተን በጀመረችው የንግድ ጦርነት ነው የተመታው። መንግሥት በዚያን ጊዜ ለሁለት ዓመት 23 ቢሊዮን ዶላር ያህል ካሳ ከፈለ። በኮቪድ ዓመት በ2020 ለገበሬዎች በቀጥታ የተከፈለው ወደ 46 ቢሊዮን ደረሰ። በታኅሣሥ 2025 ደግሞ ሌላ 12 ቢሊዮን ታወጀ። አንድ ክፉ ዓመት የሦስት ትውልድ እርሻ ሊያፈርስ ይችላል። መድረስ ያስፈልጋል። ጥያቄዬ የመድረሻው መንገድ ላይ ነው። የካሳው ገንዘብም የሚሰላው በኤከር ወይም በምርት መጠን ነው። ስለዚህ ትልቁ የበለጠ ይድናል። የዳነው ደግሞ ያልዳነውን ጎረቤቱን መሬት ይገዛል።

ዝርዝሩ ላይ የማይታይ ሌላ ትልቅ ገንዘብም አለ። የሰብል ኢንሹራንስ። ገበሬው ለምርት ወይም ለገቢ መቀነስ ኢንሹራንስ ይገባል። ከአረቦኑ በአማካይ 60 በመቶ በላይ የሚሆነውን መንግሥት ይከፍልለታል። እዚህ ላይ ጣሪያ የለም። እንደ ዋጋ ማካካሻው ባሉ ፕሮግራሞች በአማካይ ከ900 ሺህ ዶላር በላይ የተጣራ ዓመታዊ ገቢ ያለው ሰው ክፍያ አያገኝም፣ እዚህ ግን የገቢ ገደብ የለም። የተጠቃሚዎቹ ስምም በሕግ ምስጢር ነው። ስለዚህ የካውንቲውን ዝርዝር ስታዩ ከፊሉን ብቻ ነው የምታዩት።

አሁን መጀመሪያ ወደጠየቅኩት ልመለስ። ዝርዝሩ ላይ የሌሉት።

በ1920 አሜሪካ ውስጥ ወደ 926 ሺህ ጥቁር ገበሬዎች ነበሩ። በ2022 የግብርና ቆጠራ 42 ሺህ ገደማ ቀርተዋል። ምክንያቱ ብዙ ነው። ወደ ሰሜን ስደት፣ ማሽን፣ ኑዛዜ የሌለው የውርስ መሬት በሐራጅ መሸጥ። ግን አንዱ ምክንያት የካውንቲው ቢሮ ራሱ ነው። ብድር ይከለከላሉ። ወይም ብድሩ የዘር ወቅት ካለፈ በኋላ ይመጣል። አቤቱታ ሲያቀርቡ የሚሰማ የለም። ሚኒስቴሩ የሲቪል መብት ምርመራ ክፍሉን በ1983 አፍርሶት ነበር። በ1997 ቲሞቲ ፒግፎርድ የሚባል የሰሜን ካሮላይና ገበሬ ከሌሎች ጋር ሆኖ መንግሥትን ከሰሰ። በ1999 በስምምነት አለቀ። ወደ 1 ቢሊዮን ዶላር ተከፈለ። በ2010 ለዘገዩት አመልካቾች ሌላ 1.25 ቢሊዮን ተመደበ። አብዛኞቹ ያሸነፉት ገበሬዎች ያገኙት 50 ሺህ ዶላር ነው። በዚያ ገንዘብ አዲስ ትልቅ ትራክተር አይገዛም። መሬት ማስመለስማ አይታሰብም።

በ2021 ኮንግረስ ለጥቁርና ለሌሎች ዘራቸው ለተገፋ ገበሬዎች ወደ 4 ቢሊዮን ዶላር የሚሆን የዕዳ ስረዛ አጸደቀ። ነጭ ገበሬዎች ከሰሱ፣ ፍርድ ቤቶች አገዱት። በ2022 ሕጉ ተሰርዞ ዘር የማይጠቅስ ሌላ ተተካ፤ በብድር አድልዎ የደረሰበት ማንኛውም ሰው ያመልክት ተባለ። በሐምሌ 2024 ከ43 ሺህ ለሚበልጡ ሰዎች 2 ቢሊዮን ዶላር ያህል ተከፈለ። ብዙ ተቀባይ የነበረባቸው ስቴቶች ሚሲሲፒና አላባማ ናቸው። ለማረስ አስበው ብድር ተከልክለው ያልቻሉት ያገኙት ከ3,500 እስከ 6,000 ዶላር ነው።

ይህ አንድ ጊዜ የተሰጠ ቼክ ነው። መሠረታዊ ኤከር ግን ዋጋ በወረደ ዓመት ሁሉ ይከፍላል፣ ይወረሳል፣ ከመሬቱ ጋር ይሸጣል። የ2025ቱ ሕግ በመላ አገሪቱ እስከ 30 ሚሊዮን ኤከር አዲስ መሠረት እንዲመዘገብ ፈቅዷል። የሚመዘገበው ከ2019 እስከ 2023 በተዘራው ሰብል ልክ ነው። በእነዚያ አምስት ዓመታት ማሳ ላይ የነበረ ይቆጠርለታል። እናቱና አባቱ ከሰንፍላወር ማሳ በ1962 የተባረሩበት ሰው የሚያስቆጥረው ኤከር የለውም።